ሲጢጥ ባዩ ቀይ ጫማ

— ተረት ይዤ መጥቻለሁ!
— ከወዴት?
— ከቆላ፣ ከገደል ሥር።
— በምን መጣህ?
— በእግሬ!
— እንግዲያስ ደክሞሃል፤ ተቀመጥና ንገረን።

እሺ፣ ልንገራችሁ። ግን እየፈራችሁ ስሙኝ። ይህ ተረት የሚወደው የሚፈራ ሰው ነው። እኔ ደፋር ነኝ የሚል ካለ አሁኑኑ ተነስቶ ከብቱን ያስገባ።

በድሮ ዘመን፣ አውሬው ሲናገር ሰው በሚሰማበት ዘመን፣ ገደል ራስ የምትባል መንደር ነበረች። መንደሯ ከአፋፉ ላይ ናት፤ ምንጯ ግን ከገደሉ ሥር ነው። ሌላ ምንጭ የላትም። ሴቶቹ ጠዋት ይወርዳሉ፣ እንስራቸውን ሞልተው ይወጣሉ። እንዲህ ሲኖሩ ሲኖሩ አንድ ነብር መጣ።

መጀመሪያ ፍየል በላ። ሰው ተናደደ። ቀጥሎ ማር ቆራጩን በላ። ሰው አለቀሰ። በሦስተኛው ውሃ ልትቀዳ የወረደች ሙሽራ በላ። እንስራዋ ብቻዋን ከምንጩ ዳር ቆማ ተገኘች፤ እስከ አፏ ሞልታለች፣ ጠብ ያለ ነገር የለም። ያን ጊዜ ሰው አላለቀሰም፤ ፈራ። ከዚያ ወዲያ ወደ ምንጩ የወረደ የለም። ከአፋፉ ላይ የዝናብ ውሃ ያቆረች አንዲት ኩሬ ነበረች፤ ሰውም ከብትም እሷን ይጠጣ ጀመር። ኩሬዋ በየቀኑ ጎደለች።

በመንደሯ አንለይ የሚባል አዳኝ ነበር። ጦሩ አይስትም። ሽማግሌዎቹ ጠሩት።

«አንለይ፣ ልጆቻችን በውሃ ጥም ሊያልቁብን ነው» አሉት።

«እወርዳለሁ። ወይ እሱ ወይ እኔ!» አለ።

አፉ ይህን ሲል ዓይኑን ግን ከገደሉ አሸሸ። ማንም አላየም። ሚስቱ የኔአንች ብቻ አየች። ቤት ሲገቡ እጁን ያዘችው።

«አንተ ሰው፣ በምን እግርህ ነው የምትወርደው? ያ ቁልቁለት ከላይ እስከ ታች እሾህ ነው፤ ድንጋዩ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። አሮጌው ጫማህ እንደሆነ ከበጋ ጀምሮ አፉን ከፍቷል።»

«አዲስ ጫማ እገዛለሁ» አላት።

«ተጠንቅቀህ ግዛ፤ አደራህን። ሌላ ሰው የለኝም።»

ጫማ የሚሰፋው ደግሞ ጓንጉል ብቻ ነው። ጓንጉል ቆዳ ፋቂ ነው። ቤቱ ከመንደሩ ውጭ፣ መንገዱ ወደ ገደሉ ከሚወርድበት ጫፍ፣ ብቻዋን ናት። ለምን ብቻዋን ሆነች ብትሉ፣ ሰው ስለፈራው ነው። «ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ይበላል» ይሉታል። የፋቀውን አቅማዳ ይወስዳሉ፣ የገመደውን ጠፍር ይወስዳሉ፣ እጁን ግን አይጨብጡም። ሽበቱ እስከ ቅንድቡ የወረደ ሽማግሌ ነው፤ ትናንት የተወለደው ሁሉ «አንተ» ይለዋል። ይሄን ሳወራ ዛሬም ይቆጨኛል። እናንተም ይቆጫችሁ።

አንለይ ከደጁ ቆመ። አልገባም።

«አንተ ጓንጉል!»

«አቤት፣ ጌታዬ።»

«ጫማ አውጣ። ገደል ልወርድ ነው።»

ጓንጉል ሦስት ነገር አውጥቶ ከበሩ ላይ ደረደረ።

መጀመሪያ የጎሽ ቆዳ ጫማ ተናገረ። «እኔን ውሰደኝ! ሰባት ዓመት ብትረግጠኝ አላልቅም!» አንለይ አነሳው። እንደ ወፍጮ ድንጋይ ከበደው። «አንተስ አታልቅም፤ የሚያልቀው የተሸከመህ ነው» ብሎ መለሰው።

ቀጥሎ አንድ የድኩላ ቆዳ ተናገረ። ገና አልተሰፋም፤ ጥቁር ነው፣ በጉሎ ዘይት ታሽቶ አፍንጫ ይይዛል። ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። «እኔ ገና ጫማ አልሆንኩም። እግር እየጠበቅሁ ነው። እግርህን ብታሳየኝ እግርህን እሆናለሁ።» አንለይ አፍንጫውን ያዘና አለፈው።

በሦስተኛው ቀዩ ጫማ ተናገረ።

«ሲጢጥ!»

ይህ ጫማ ለባላባት ልጅ ሰርግ ተሰፍቶ ሙሽራው ሳይወስደው የቀረ ነው። ቆዳው ያብለጨልጫል፤ ገና ጣት ሲነካው ሲጢጥ ይላል። በዚያ አገር ደግሞ ጫማው ሲጢጥ ያለለት ወንድ ሰው ሆነ ማለት ነው። ገበያ ሲገባ ሲጢጥ፣ ሰርግ ቤት ሲገባ ሲጢጥ፤ ቆንጆዎቹ ዞር ይላሉ፣ ሽማግሌዎቹ «ማነው ይሄ የተባረከ?» ይላሉ። አትሳቁ! እኔም በጎረምሳነቴ ጫማዬ ዝም ያለ ዕለት አሞኛል ብዬ የተኛሁ ሰው ነኝ።

«እኔን ካጠለቅህ ገና ሳትታይ ድምፅህ ይሰማል» አለው ቀዩ ጫማ። «ነብሩን ገድለህ ስትመለስ አገሩ ሁሉ ደጅ ወጥቶ ይጠብቅሃል።»

የአንለይ ልብ ቀለጠ።

ጓንጉል ግን ፈራለት። «ጌታዬ፣ ይሄ የሰርግ ነው፤ ገደል አይወርድም። እባክዎ ይቁሙልኝና እግርዎን ልለካ። እስከ ነገ ማታ የድኩላውን እሰፋልዎታለሁ።» ይህን ብሎ ጎንበስ አለና እጁን ዘረጋ።

አንለይ እሳት እንደነካው ሰው እግሩን ሰበሰበ።

«እግሬን ነክተህ? በዓይንህ አይተህ? አይሆንም! በዓይን ተበልቼ ልሙት እንዴ?»

አያችሁ? ነብር ሊገጥም የሚሄድ ሰው የሽማግሌ ዓይን ፈራ። ቀዩን ጫማ ሳይለካ አጠለቀ። ጠበበው። ጣቶቹ ተደራረቡ። «ቆዳ ነው፣ ይሰፋል» አለና ጠፍሩን አጥብቆ አሰረ።

አንለይ ጦሩን ይዞ ወረደ። ሲጢጥ፣ ሲጢጥ፣ ሲጢጥ።

ቁልቁለቱ ገና ሲጀምር አውራ ጣቱ ከጫማው አፍንጫ ጋር ተጋጨ። ትንሽ ሲወርድ ተረከዙ ውሃ ቋጠረ። ትንሽ ሲወርድ የቋጠረው ፈነዳ። ከታች ጭጋግ ተነስቶ መንገዱን ሸፈነው። ቀን ነው፣ ፀሐይ ግን የለችም። ወፍ አትጮህም። የሚሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሲጢጥ።

ከቁጥቋጦው ሥር ቆቅ ብቅ አለች።

«ማነህ አንተ? ጫማህ ከመጣ ቆየ፤ አንተ ገና አሁን መድረስህ ነው?»

«እመት ቆቅ፣ ነብሩን አይተሽዋል?»

«አላየሁትም። ዛሬ ጠዋት ግን ልጆቼ ሁሉ በአንዴ ዝም አሉ። ጫማህን አውልቅና ተመለስ።»

አንለይ አፍሮ አለፈ። በባዶ እግሩ ቢመለስ አገሩ ምን ይላል? ሲጢጥ፣ ሲጢጥ።

ከዋርካው ላይ ጉሬዛ አየው። ጉሬዛው ቅርንጫፉን አቅፎ ይንቀጠቀጣል።

«አያ ጉሬዛ፣ ምን ሆነሃል?»

«እርምጃህን እየቆጠርኩ ነበር» አለ ጉሬዛ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መቶ ሃያ ሰባት ሆነ። አንተ ሰው፣ አብሮኝ የሚቆጥር አለ። እኔ ከላይ እቆጥራለሁ፣ እሱ ከታች ይቆጥራል። ስትቆም ይቆማል። አሁን ቆሟል።»

የአንለይ ፀጉር ቆመ። ዙሪያውን አየ። ጭጋግ ብቻ ነው። ወደ ላይ ሊመለስ አሰበ፤ ግን ያች በየቀኑ የምትጎድል ኩሬ ትዝ አለችው። ወረደ። ሲጢጥ፣ ሲጢጥ።

ከምንጩ ደረሰ። ውሃው እየፈሰሰ ነው፣ ድምፅ ግን የለውም።

«አንተ ውሃ፣ ለምን ዝም አልክ?»

«ዝም በል ተብዬ ነው» አለ ውሃው በሹክሹክታ። «ነብሩ አሁን ነው ከእኔ የጠጣው። እየጠጣ ሳለ ቀና አለና ጆሮውን አቆመ፤ ከዚያ ሄደ። ከጢሙ የወደቀው ጠብታ ይኸው ድንጋዩ ላይ ነው፣ አልደረቀም።»

«ወዴት ሄደ?»

«አትጠይቀኝ።»

«ንገረኝ እንጂ!»

«ከኋላህ።»

አንለይ ዘወር አለ። ማንም የለም። በጣቱ ጫፍ ቆሞ ቀስ ብሎ አንድ እርምጃ ሄደ።

«ሲጢጥ!» አለ ጫማው።

«ዝም በል! አስገደልከኝ!»

«እኔ ለዝምታ አልተሰፋሁም» አለ ቀዩ ጫማ።

ያን ጊዜ ከጭጋጉ ውስጥ ለስላሳ ድምፅ መጣ። እንዲህ ያለ ለስላሳ ድምፅ ሰምታችሁ አታውቁም፤ አያሰማችሁ።

«ይሄ ደስ የሚል ድምፅ የማነው?»

«የእኔ ነው!» አለ ጫማው። «ሲጢጥ!»

«እንዴት ያምራል! ግን አንድ ነገር ቸገረኝ። የሚበልጠው የቀኙ ነው የግራው?»

«የእኔ የቀኙ ይበልጣል! ሲጢጥ!»

«ውሸቱን ነው፣ የእኔ የግራው ነው! ሲጢጢጥ!»

«አልሰማሁም፤ እስቲ አንዴ ድገሙልኝ» አለ ድምፁ። አሁን ቀርቧል።

ሁለቱ ጫማዎች እየተፎካከሩ አንለይን ይጠቁማሉ፤ እዚህ ነው ቀኙ፣ እዚህ ነው ግራው። ድሃው አንለይ ቀጥ ብሎ ቆመ። እግሩን አላነሳም። ትንፋሹን ያዘ። ጫማዎቹ ዝም አሉ። ዝም፣ ጭጭ።

ከኋላው «ሲጢጥ» የሚል ድምፅ ተሰማ።

እግሩን አልነቀነቀም። ጫማው አልተናገረም። ደግሞ «ሲጢጥ» አለ፣ ከበፊቱ ቀርቦ። ነብሩ ነው! ነብሩ በጉሮሮው የጫማውን ድምፅ እያወጣ ይመጣል። እየተጫወተበት ነው።

አንለይ ተንበረከከ። ጠፍሩን ሊፈታ ሞከረ፤ ጠፍሩ በጤዛው ረጥቦ ጠብቋል። ጫማውን ሊጎትት ሞከረ፤ እግሩ አብጦ አልወጣም አለ። «ሲጢጥ» አለ ነብሩ። አንለይ በጦሩ ስለት ጠፍሩን ከነቆዳው ቀደደው። ደሙ ፈሰሰ። ቀኙን አወለቀ፣ ግራውን አወለቀ፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ይዞ ወደ ምንጩ ማዶ ወረወራቸው። ከድንጋዩ ላይ ሲያርፉ ለመጨረሻ ጊዜ «ሲጢጥ!» አሉ። ከአንለይ ራስ በላይ አንድ ቢጫ ነገር ዘሎ አለፈ። ሽታው ፊቱን መታው።

አንለይ ጦሩን እዚያው ጥሎ ሮጠ።

ነብሩ ጫማዎቹን በጥፍሩ ያዛቸው። ባዶ ናቸው።

«እሺ፣ ዝፈኑ» አላቸው።

አፋቸውን ከፈቱ። ምንም አልወጣም። ጫማ ሰው ካልነካው ምን ድምፅ አለው? ለካ የሚጮኸው የሰውየው ክብደት፣ የሰውየው ሕመም ነበር። ነብሩ አንዴ ነከሳቸውና ተፋቸው። «እግሩ ይሻል ነበር» አለና ከምንጩ ዳር ተኛ። «ግድ የለም። ሰው ጫማ ሳያደርግ አይውልም። ተመልሶ ሲመጣ እሰማዋለሁ።»

አንለይ በእሾህና በስለት ድንጋይ ላይ ወጣ። ግማሹን በእግሩ፣ ግማሹን በጉልበቱ፣ የቀረውን በሆዱ ወጣ። አፋፉ ላይ ሲደርስ መጀመሪያ ያገኘው ቤት ያ ብቻውን የቆመው ቤት ነው። ከበሩ ላይ ወደቀ።

ጓንጉል ወጣ። አላስፈቀደም። እግሩን ከጭኑ ላይ አኖረና በውሃ አጠበ፤ ለራሱ ለመጠጥ ያስቀመጣትን ጥቂት ውሃ ነው ያፈሰሰለት። እሾሁን አንድ በአንድ በወስፌ አወጣ። እያወጣ ያለቅሳል። አንለይ ቀና ብሎ ያን የተፈራ ዓይን አየው። ሰው የሚበላ ነገር አልነበረበትም። እንባ ነው የነበረበት።

«ለካ…» አለ አንለይ። «ለካ… ለካ እኮ…»

ሽማግሌው ያን ጊዜ ተቆጣ። በዕድሜው የመጀመሪያ ቁጣው ነው።

«ዛሬ "ለካ" ትለኛለህ! ያን ጊዜ "ልለካ" ስልህ እሺ ብትለኝ ምን ነበረበት? ልጄ፣ ብትሞትስ ኖሮ?»

አንለይ አንገቱን ደፋ።

«አያ ጓንጉል፣ ይማሩኝ። እባክዎ ይለኩኝ።»

አንተና አንቱ በዚያች ቀን ቦታ ተለዋወጡ።

የኔአንች እየሮጠች መጣች። ባሏን ከሽማግሌው ጭን ላይ እግሩን ጥሎ አየችው። ሰው ምን ይለኛል አላለችም፤ የሽማግሌውን እጅ ስባ ሳመች።

ዘጠኝ ቀን ቁስሉ እስኪደርቅ ጠበቁ። ኩሬዋ ጭቃ ሆነች። ልጆች ጭቃውን በነጠላ እየጠለሉ ጠጡ። «ቶሎ ይለኩኝ!» ይላል አንለይ። «ጠዋት አይሆንም» ይላል ጓንጉል። «እግር የሚያብጠው ሲውል ነው፤ ወደ ማታ ነው የሚለካው።» ማታ መጣ። «ተቀምጠህ አይሆንም፤ ቁም። ሸክምህን ተሸከም፤ የተሸከመ እግር ይሰፋል።» ቆመ፣ ተሸከመ። ጓንጉል በጠፍር ለካው፤ ከአውራ ጣቱ ፊት አንድ ጣት ትርፍ ተወለት። የድኩላውን ቆዳ ከላይ፣ የበሬ ቆዳ ደርቦ ከታች ሌሊቱን ሙሉ ሲሰፋ አደረ። ሲነጋ፣ «አሁን ቁልቁለቱን ውረድና ተመለስ። ጣትህ ነካ?» «አልነካም።» «ዳገቱን ውጣ። ተረከዝህ ተነሳ?» «አልተነሳም።» «ዝለል። ሰማኸው?» «ምንም አልሰማሁም።» ሽማግሌው ሽታው እንዳይቀድመው ጫማውን የገደል ጭቃ ቀባለትና አዲስ ጦር ሰጠው።

አንለይ በአሥረኛው ቀን ወረደ። አሁንም ፈርቷል፤ አልዋሻችሁም። ግን እግሩ አይቆረቁረውም፤ እግሩ የማይቆረቁረው ሰው ደግሞ ፍርሃቱን ተሸክሞ መሄድ ይችላል። ቆቋ አጠገቧ ሲደርስ ነው ያየችው፤ ጭጭ አለች። ጉሬዛው የሚቆጥረው አጣ። ውሃው ጥላውን ተሸክሞ ዝም አለ።

ነብሩ ከምንጩ ዳር ተኝቷል። አንድ ጆሮውን አቁሟል። «ጫማው ሲመጣ እነቃለሁ» ይላል። ሲጢጥ የለም። «ዛሬም አልመጣም» ይላል። ሲጢጥ የለም። ዓይኑን ጨፈነ። ትንሽ ቆይቶ ግን አንድ ነገር ቀፈፈው። ወፍ የለም፣ ነፋስ የለም፣ ድምፅ የለም። እንዲህ ያለ ዝምታ ያውቀዋል፤ ሲያድን የሚሄድበት የራሱ ዝምታ ነው። ዛሬ ግን ዝም ያለው እሱ አይደለም። ነብሩ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራ። ቀስ ብሎ ዓይኑን ገለጠ።

ሰውየው ከአጠገቡ ቆሟል።

«ሳልሰማህ እንዴት መጣህ?» አለው ነብሩ።

«እግሬን ተለክቼ» አለው አንለይ። ጦሩም አልሳተም።

ውሃው ጮክ ብሎ መፍሰስ ጀመረ። ሴቶቹ እልል እያሉ ወረዱ፣ ልጆች በሆዳቸው ተኝተው ጠጡ። ሽማግሌዎቹ ለገዳይ የሚቀባውን ቅቤ ይዘው አንለይን ከክብር ቦታ ሊያስቀምጡ ሲሉ፣ እሱ አልቀመጥም አለ። «አያ ጓንጉል ሳይቀመጡ እኔ አልቀመጥም» አለ። አንዱ ሽማግሌ ሌላውን አየ። ሌላው መሬት አየ። በመጨረሻ አንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እንግዲህ… አያ ጓንጉል፣ ወዲህ ይበሉ» አለ። ጓንጉል መጣና ተቀመጠ፤ ቅቤው መጀመሪያ የእሱን ሽበት ነካ።

እኔም እዚያ ነበርኩ አልልም፤ ነበርኩ ብላችሁም አታምኑኝም። የሰማሁትን አወረድኩላችሁ፣ እናንተ ደግሞ ለልጅ ልጅ አውርዱት። በገደል ራስ ግን ዛሬም ሰው መንገድ ሲነሳ እንዲህ ይባላል፤

ሳይለካ የወረደ «ለካ» እያለ ይወጣል፤ እሱም ከወጣ።